ሻጩ «ገንዘብሽን ውሰጂና ተይኝ» አሉኝ፤ መብቴ እስከ የት ነው?

ጥያቄ

እንደምን አሉ? ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። አሁን ግን ጉዳዩ በራሴ ደረሰ።

እኔና ባለቤቴ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ሃና ማርያም አካባቢ በ105 ካሬ ላይ ያረፈ ቤት በ8,400,000 ብር ለመግዛት ተስማማን። ውሉ የተጻፈው ደላላው ቢሮ ነው። ሁለት ገጽ ነው፣ ሦስት ምስክሮች ፈርመውበታል። 800,000 ብር ቀብድ በሻጩ የባንክ ሒሳብ አስገባን። ከዚህ ውስጥ 350,000ው የእቁቤ ነው። የተረፈውን የባለቤቴ ወንድም ከዱባይ ላከልን። ቀሪውን ክፍያ በሁለት ወር ውስጥ፣ ስም ሲዛወር ልንፈጽም ተዋዋልን።

ቀጠሮው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሻጩ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ልጆቼ እምቢ አሉኝ። ገንዘብሽን ውሰጂና ተይኝ» አሉ። ትልቅ ሰው ስለሆኑ ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። ኋላ ደላላው ሌላ ገዢ አንድ ሚሊዮን ብር ጨምሮ እንደመጣ ነገረኝ። ሻጩ ይህን ስጠይቃቸው «ባለቤቴ አልፈረመችም፣ ውልና ማስረጃም አልሄድንም፣ ስለዚህ ውሉ ወረቀት ብቻ ነው» አሉኝ።

እውነት ነው፣ ባለቤታቸው አልፈረሙም። ውልና ማስረጃም አልሄድንም። እኔ ግን ቤቱን እፈልገዋለሁ። ለልጆቼ ትምህርት ቤት በእግር ይደረስበታል። አሁን ሻጩ «ሒሳብ ተዘግቷል» የሚል ወረቀት አዘጋጅተው ገንዘቡን ሊመልሱልን ቀጥረውናል። ልፈርም?

ግራ የገባት፣ ከለቡ

መልስ

እህቴ፣ በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ ልበልሽ። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ በስልክ «እንዳትፈርሚ» ብዬሻለሁ። ምክንያቱን ደግሞ ሌሎችም እንዲያነቡት እዚህ እጽፈዋለሁ።

በ1987 ዓ.ም. አባቴ ኮተቤ አንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ለመግዛት 3,000 ብር ቀብድ ከፈለ። እኔ ያኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከወር በኋላ ሻጩ ሐሳቡን ቀየረና ገንዘቡን በፖስታ ይዞ ቤታችን መጣ። ወረቀት ሲጠፋ ከሒሳብ ደብተሬ መሃል አንድ ገጽ ተቀደደ። የተጻፈችው ዓረፍተ ነገር አሁንም አትረሳኝም፤ «ገንዘቤን ቆጥሬ ተረክቤአለሁ፤ ከእንግዲህ በሻጩ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም።» አባቴ ፈረመ። ቡና ተፈላ፣ ተመራረቁ። ሕግ ተምሬ የቀብድን ድንጋጌ ያነበብኩ ዕለት ያቺ ወረቀት ትዝ አለችኝ። አባቴ 6,000 ብር መቀበል ይችል ነበር። ገንዘቡን በመቀበሉ መብቱን አላጣም። ያጣው በዚያች አንድ መስመር ነው።

የቀብድን ነገር ላስረዳሽ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1883 ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። ቁጥር 1885 ደግሞ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ሁለቱም ወገኖች ውሉን መተው እንደሚችሉ ይደነግጋል፣ ግን ዋጋ ከፍለው ነው። ቀብድ የሰጠው ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ከተወ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በአንቺ ጉዳይ እጥፉ 1,600,000 ብር ነው። ሻጩ «ገንዘብሽን ውሰጂ» ሲሉሽ ግማሹን ብቻ ነው የሚያወሩት። ምናልባት ሕጉን አያውቁትም። ያዘጋጁት ወረቀት ግን ሌላውን ግማሽ በፊርማሽ የሚያስቀር ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ። ይህ መብት የሚሠራው የከፈልሽው «ቀብድ» ተብሎ ከሆነ ነው። ብዙ ደላላ ቢሮ የሚጻፉ ውሎች «ቅድሚያ ክፍያ» ይላሉ። ቅድሚያ ክፍያ የዋጋው አካል ነው እንጂ በራሱ ቀብድ አይደለም፤ ያኔ የእጥፉ ክርክር ይከብዳል። የአንቺን ውል በላክሽልኝ ፎቶ አይቼዋለሁ። «ብር 800,000 (ስምንት መቶ ሺህ) በቀብድ መልክ ተቀብያለሁ» ይላል። ደግ ነው።

እዚያው ገጽ ታች የለመድነው ዓረፍተ ነገር አለ። «ይህን ውል ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪው ብር 200,000 ይከፍላል፤ ውሉም በፍ/ብ/ሕ/ቁ. 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ይሆናል።» ይህን ብዙ ሰው ሳያነብ ይፈርምበታል። እኔ ግን በአንቺ ጉዳይ ትልቅ ዋጋ እሰጠዋለሁ። የሚለው አፍራሹ መቀጫ ከፍሎም ውሉ ይጸናል ነው። ይህ «ቀብድ አጥፌ ልውጣ» ለሚል ሻጭ ተቃራኒ ስምምነት ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ቤቱን የምትፈልጊ ከሆነ የምትይዢው ገመድ ይኼ ነው። ገንዘቡን የምትመርጪ ከሆነ ደግሞ ቁጥር 1885ን ትይዣለሽ። ሁለቱን አንድ ላይ ግን አትጎትቺም። ቁጥር 1890ም ቢሆን፣ መቀጫው ለመዘግየት የተወሰነ ካልሆነ በቀር፣ ውሉ ይፈጸምልኝም መቀጫውም ይከፈለኝ ማለትን አይፈቅድም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሻጩ «ውልና ማስረጃ አልሄድንም» ያሉት ውሃ የማያነሳ ምክንያት አይደለም። ቢሆን ደስ ባለኝ። ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ፊት እንዲደረግ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጥብቆ ተርጉሞታል፤ በዚያ ፎርም ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም። ኋላ በመዝገብ ቁጥር 36887 ግን ተዋዋዮቹ ውሉን ማድረጋቸውን ካልካዱ የምዝገባው ጉድለት ውሉን አያፈርስም የሚል ትርጉም መጣ። የአንቺ ክስ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው በእነዚህ ሁለት መስመሮች መካከል ነው።

ስለዚህ ሻጩ እስከዛሬ ምን ብለው እንደጻፉልሽ ትልቅ ነገር ነው። በቴሌግራም የላኩልሽን አንብቤዋለሁ። «ቤቱን ሸጬልሽ ነበር፣ ቀብዱንም ተቀብያለሁ፣ ግን ልጆቼ…» ይላል። እባክሽ ይህን መልእክት አታጥፊው። ስልኩን አትቀይሪው። የባንክ ደረሰኙን ኦሪጅናል አስቀምጪ፣ የሒሳብ መግለጫም አውጪ። ከዚህ በኋላ ከሳቸው ጋር የምታወሪው በጽሑፍ ይሁን። እየተጣላሽ ሳይሆን በጨዋ ደንብ፤ «ጋሼ፣ በዚህ ቀን በተዋዋልነው መሠረት ቀሪውን ለመክፈል ዝግጁ ነን» እያልሽ።

«ልጆቼ እምቢ አሉ» የሚለው ግን በሕግ ፊት ቦታ የለውም። አባትና እናት በሕይወት እያሉ ልጆች በቤቱ ላይ ድርሻ የላቸውም። እናታቸው ሞተው ወርሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

ሚስታቸው አለመፈረማቸው ግን ያሳስበኛል። አዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ቤቱ በትዳር ውስጥ የተሠራ ከሆነ የጋራ ነው። ያልፈረመችው ሚስት ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች፤ ባወቀች በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ። ነገር ግን ይህ የእሷ መብት ነው። የፈረመው ባል «ሚስቴ አልፈረመችም» ብሎ ከራሱ ፊርማ ማምለጫ እንዲያደርገው አይደለም የተሰጠው። እሳቸው በስልክ ሲነግሩሽ ይህን ያምታቱታል። በደብዳቤሽ አንድ ነገር ገረመኝ፤ ከሚስታቸው ጋር አንድም ጊዜ አልተነጋገርሽም። ቤቱን ስታዪ ቡና ያፈሉልሽ እሳቸው አይደሉም? ሽማግሌ ከመላክሽ በፊት ሴት ለሴት ሄደሽ አነጋግሪያቸው። ምናልባት እምቢ ያሉት እሳቸው ላይሆኑ ይችላሉ።

ሽማግሌ ስል የምሬን ነው። የቤት ክስ ጊዜ ይበላል፣ ገንዘብም ይበላል። ሁለት የተከበሩ ሰዎች፣ ከሻጩ ወገን አንድ ጨምረሽ፣ ነገሩን በአንድ ቅዳሜ ሊጨርሱት ይችላሉ። ግን የተስማማችሁበት በጽሑፍ ይስፈርና ይፈረም። በቃል ብቻ «እሺ፣ በቃ እናስረክባታለን» ተብሎ የቀረ ስንት እርቅ አውቃለሁ።

ሽምግልናው እየሄደ ጎን ለጎን ሦስት ነገር አድርጊ። መጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጪያቸው። ሕጉ (ቁጥር 1772) ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው ባለዕዳውን ማስጠንቀቅ አለበት ይላል። ተመጣጣኝ ቀን ስጪ፤ በሁለት ምስክር ፊት ወይም በአደራ ፖስታ ይድረሳቸው። ሁለተኛ፣ ቀሪውን 7,600,000 ብር ለመክፈል አቅም እንዳለሽ አሳዪ። ቁጥር 1757 የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ዝግጁ ያልሆነ ሰው ሌላውን «ፈጽም» ማለት አይችልም ይላል። ገንዘቡ በሒሳብሽ ካለ ከባንክ መግለጫ አውጪ። በቀጠሮው ቀን ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) አሠርተሽ ብትቀርቢ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለም። ባይመጡም አንቺ ሂጂ፣ ሄደሽ መጠበቅሽን ምስክር ይዘሽ። ገንዘቡ ገና ያልተሟላ ከሆነ ግን «ቤቱን ስጡኝ» ብለሽ አትክሰሺ፤ የቀብዱን እጥፍ ጠይቂ።

ሦስተኛው እግድ ነው (ፍርድ ቤት ቤቱ እንዳይሸጥ የሚሰጠው ትዕዛዝ)፣ እዚህ ላይ ብዙ ገዢ ይሸነፋል። ክስ ከፍተሽ ተቀምጠሽ ሳለ ሻጩ ለአዲሱ ገዢ ውልና ማስረጃ ሄደው ቢፈርሙና ስም ቢዛወር፣ ቤቱ ከእጅሽ ወጣ ማለት ነው። የባለቤትነት ደብተር በስሙ የተመዘገበለት ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል (ቁጥር 1195)። ያልተመዘገበ ውል ደግሞ ሦስተኛ ወገንን አይነካም። ስለዚህ ክሱን ባቀረብሽበት ቀን የእግድ ማመልከቻም በቃለ መሐላ አስደግፈሽ አቅርቢ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 ለዚህ ነው የተጻፈው። ትዕዛዙ ሲሰጥ ችሎት ውስጥ አይቅር። ግልባጩን አውጥተሽ በእጅሽ ይዘሽ ለክፍለ ከተማው የመሬት ይዞታ መዝገብና ለሰነዶች ማረጋገጫ (ለውልና ማስረጃ) አድርሺ፣ የገቢ ማህተም አስመቺበት።

ፍርድ ቤቱ የት ነው ላልሽው፣ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። በአዋጅ 1234/2013 ከ10 ሚሊዮን ብር በላይ ሲሆን ነው ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሚያየው። ክሱ ላይ ጥያቄውን በአማራጭ ጻፊ። ውሉ ይፈጸምልኝ፤ ይህ ባይሆን ቀብዱ እጥፍ ሆኖ ይመለስልኝ፤ ይህም ባይሆን የከፈልኩት ከ9% ሕጋዊ ወለድ ጋር ይመለስልኝ። ሦስተኛው የምንፈራው ነው። ችሎቱ ውሉ ከመጀመሪያው አልጸናም ካለ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1815 መሠረት ሁላችሁም ወደ ነበራችሁበት ትመለሳላችሁ። ያኔ የእጥፉና የመቀጫው ጥያቄ ከውሉ ጋር አብሮ ይወድቃል። ይህን ሳላስነብብሽ «ታሸንፊያለሽ» ብልሽ እበድልሻለሁ።

ፖሊስ ጋ ልሂድ ወይ ብለሽ በስልክ ጠይቀሽኛል። ሐሳብ መቀየር ወንጀል አይደለም። ሻጩ ለሌላው ሰው መሸጣቸውን ደብቀው ከአንቺም ቀብድ ተቀብለው ቢሆን ኖሮ፣ የወንጀል ሕጉ ቁጥር 692 የማታለል ጉዳይ ሊነሳ ይችል ነበር። እስካሁን በነገርሽኝ እንደዚያ የለም።

ገንዘቡን ልመልስ ካሉ በባንክ ያስገቡ፤ አንቺ ግን «ጥያቄ የለኝም» የምትል መስመር ያለችበት ወረቀት ላይ አትፈርሚ። ደረሰኝ ከጠየቁሽ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፤ «ብር 800,000 ተመልሶልኛል፤ ቀሪ መብቴ እንደተጠበቀ ነው።» ቤቱን የምትፈልጊ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡንም አትቀበዪ። መቀበልሽ ውሉ እንዲፈርስ ተስማምታለች ተብሎ ሊተረጎምብሽ ይችላል።

ጥያቄ

ሰሚት አካባቢ ቤት ገዝቼ ሻጩ ውሉን አፈረሰብኝ። የከፈልኩት 1,800,000 ብር ነው። ውሉ ላይ ግን ግብር ለመቀነስ ተብሎ 900,000 ተጻፈ። ቀሪውን በጥሬ ገንዘብ በፌስታል ነው የሰጠሁት። አሁን ሻጩ ዓይኑን በጨው አጥቦ «የተቀበልኩት 900,000 ነው» ይላል። ሁለት ምስክሮች አሉኝ።

መልስ

ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ በወር አንዴ ይመጣልኛል፣ ሁልጊዜም ያመኛል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2005 በፈራሚዎቹ መካከል የተጻፈው ሰነድ ሙሉ ማስረጃ ነው። ቁጥር 2006 ደግሞ የተጻፈውን በምስክር ማፍረስ አይቻልም ይላል። ምስክሮችህ የቱንም ያህል ጨዋ ሰዎች ቢሆኑ ወረቀቱን አያሸንፉም። ጽሑፍን የሚያሸንፈው ጽሑፍ ነው።

ስለዚህ ጽሑፍ ፈልግ። ያን ቀን ከባንክ ያወጣኸው ገንዘብ መግለጫ አለ? 900,000 ብር በአንድ ጠዋት ወጥቶ ከሆነ ቢያንስ ከየት እንደመጣ ያሳያል። ሻጩ ስለ ቀሪው ገንዘብ በመልእክት የጻፈልህ አለ? «ሙሉውን ተቀብያለሁ» የሚል አንድ መስመር ብታገኝ መዝገቡ ይገለበጣል። ካላገኘህ ክሱን በ900,000 ብር ይዘህ መሄዱን እመክርሃለሁ። ለሌላው ገንዘብ ሽማግሌ ላክ። ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ዋጋ አሳንሳችሁ አትጻፉ። ግብር ማሳነሱ ጥፋት ነው፣ ገንዘባችሁንም ያለ ጠባቂ ትታችሁ መሄድ ነው።

ጥያቄ

የምኖረው ዱባይ ነው። አንዲት የምታውቀኝ ሴት ዕጣ ወጥቶላት የተረከበችውን ኮንዶሚኒየም ገና አምስት ዓመት ሳይሞላው ገዛሁት። ደላሎቹ «መሸጥ ስለማይቻል» ብለው የብድር ውል አስፈረሙን፣ ለእህቴም ውክልና ሰጠች። ባለፈው ወር ውክልናውን ሽራዋለች። ቤቱን በፍርድ ቤት ማግኘት እችላለሁ?

መልስ

አይ እህቴ፣ አትችዪም። በደላላ አፍ ሲነገርሽ የቆየውን ነገር ስለማፈርስብሽ ይቅርታ። የጋራ መኖሪያ ቤት ከተላለፈ በኋላ አምስት ዓመት ሳይሞላ በሽያጭ እንዳይተላለፍ ሕግ ይከለክላል። ፍርድ ቤት የተከለከለን ውል «ፈጽሚ» ብሎ አያዝም። ውክልናው ደግሞ የሰጠችው ሰው በፈለገች ጊዜ የምትሽረው ነው። ብትሞት እንኳ ያበቃ ነበር። አምስት ዓመት በውክልና እጠብቃለሁ ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ያለሽ መብት ገንዘብሽን ማስመለስ ነው፣ ለዚያም የብድር ውሉ በጽሑፍ መኖሩ ይጠቅምሻል። መጀመሪያ እህትሽ ከሴትየዋ ጋር ተቀምጣ የመክፈያ ጊዜ ይስማሙ፤ ስምምነቱን ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደው ይፈርሙበት። እምቢ ካለች እህትሽ ትከሳለች። ለዚህ ግን አንቺ ለእህትሽ የምትሰጪው አዲስ ውክልና ያስፈልጋል። ዱባይ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ፈርሚ፣ ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ሰነዶች ማረጋገጫ ይግባ። ውክልናው ላይ «ክስ ለመመሥረት» ብቻ ተብሎ አይጻፍ። «ለመታረቅና ገንዘብ ለመቀበል» የሚለውም በግልጽ ይጻፍበት፤ ያለዚያ ሴትየዋ በእርቅ ልክፈል ብትል እህትሽ መፈረም አትችልም።